የኪስ ካሜራ ሲገዙ የሳጥኑን ቁጥር አይመኑ

ካሜራ ሱቅ ገብቶ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ሳይል የሚወጣ ገዢ የለም ማለት ይቻላል። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ቁጥር በጣታቸው እየነኩ ነው ዋጋ የሚጠሩት። እስቲ በስሌት እንየው። ኤ4 ወረቀት የሚያህል ፎቶ በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ፣ ለማተም 2480 በ3508 ፒክስል ይበቃል። ይህ ተባዝቶ 9 ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። በየቤቱ አልበም ውስጥ ያለው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶማ በ2 ሜጋፒክስል ገደማ ይታተማል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ፣ ስሙ የታወቀ ካሜራ ሁሉ ከዚህ በላይ አለው። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት መጽሔት፣ ለሱቅ ማስታወቂያ ወይም ለሳይት ሪፖርት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሃያ ይሁን አርባ ብሎ ራሱን አያድክም። መጠየቅ ያለበት ሥራዬ ምን ዓይነት ብርሃን ውስጥ ነው፣ ከማነሳውስ ነገር ምን ያህል እርቃለሁ የሚለውን ነው።

ከዚያ በፊት ግን ካሜራው ራሱ ያስፈልጋል ወይ? ሲአይፒኤ የተባለው የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው አኃዝ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ለገበያ የቀረቡት ሌንሳቸው የማይነቀል ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2023 ከ2 ሚሊዮን በታች ወረዱ። ገበያቸውን ስልክ በላው፤ የበላውም በአግባቡ ነው። የተራው የኪስ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ወደ ፎቶ የሚለውጠው ክፍል) 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የዛሬዎቹ ውድ ስልኮች ዋና ካሜራ ከዚህ የሚበልጥ ሴንሰር አለው። ስለዚህ ርካሽ የኪስ ካሜራ ገዝቶ ከጥሩ ስልክ የተሻለ ፎቶ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። በየገበያው «4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል» ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ፋብሪካቸው የማይታወቅ የፕላስቲክ ካሜራዎችም አሉ። ውስጣቸው ያለው ሴንሰር ደቃቃ ነው፤ ቁጥሩ የሚሞላው ሶፍትዌሩ ፎቶውን እየለጠጠ ነው። ለልጅ መጫወቻ ካልሆነ በቀር አይግዟቸው።

እንዲህም ሆኖ ለሥራ የተለየ ካሜራ መያዝ የሚያዋጣው ሰው ብዙ ነው። ስልክ በስብሰባ መሀል ይደወልበታል፤ ባትሪው እስከ ማታ ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል። የልጅዎ የልደት ፎቶና የድርጅቱ የርክክብ ፎቶ አንድ ቦታ ይከማቻሉ። ባልደረባዎ «እስቲ እኔ ላንሳ» ሲል ስልክ አሳልፎ መስጠት ይከብዳል፤ ካሜራ ግን ለማንም ይሰጣል። ካሜራው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ሲለቅ የሦስት ዓመት ፎቶ አብሮት አይሄድም። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ኃላፊዎች የሚያስታውሱት ሰውየው ከለቀቀ በኋላ ነው።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። ቀን፣ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ሰው የትኛውም ካሜራ ይበቃዋል። ጣጣው የሚጀምረው ቤት ውስጥ ሲገባ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ ያስቡ። ለፕሮጀክተሩ ሲባል መጋረጃው ተዘግቷል፤ ጣሪያው ላይ ካሉት ፍሎረሰንቶች ግማሾቹ አይበሩም፤ ተናጋሪው መድረክ ላይ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል። ካሜራው ብርሃን ሲያንሰው ያለው አማራጭ ሁለት ነው። ወይ ሹተሩን ከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ያኔ የተናጋሪው እጅና ፊት ብዥ ይላል። ወይ አይኤስኦውን (ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን) ከፍ ያደርጋል፤ ያኔ ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ካሜራው ስቴብላይዘር አለው» ተብሎ ይታለላል። ስቴብላይዘር የሚያረጋጋው የእርስዎን እጅ ነው፤ መድረክ ላይ ያለውን ሰው ቀጥ አድርጎ አያቆመውም። ፍላሽስ? የኪስ ካሜራ ፍላሽ ጉልበቱ ጥቂት ሜትር ነው። ከኋላ ወንበር ሆነው ሲያበሩት ደምቆ የሚወጣው ፊት ለፊትዎ የተቀመጠው ሰው ማጅራት ይሆናል።

መፍትሔው ሰፊ ሴንሰርና ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው። የተራው የኪስ ካሜራ ሴንሰር ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8፣ ማለትም 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ የተራውን አራት እጥፍ መሆኑ ነው። (ስሙ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች የተወረሰ ስለሆነ እንጂ ከጥግ እስከ ጥግ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በማስመሪያ ለካሁት ብሎ ሻጩን የሚሟገት እንዳይኖር።) ኤፒኤስ-ሲ የተባለው ደግሞ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የ1 ኢንቹን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ለአዳራሽና ለማታ ሥራ ከ1 ኢንች በታች መውረድ ገንዘብ መጣል ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሌንሱ ላይ የሚነበበው ኤፍ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ላይ የተከፈተ ሌንስ ኤፍ 2.8 ላይ ከተከፈተው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ብርሃን ያስገባል። ዙም ባለው ካሜራ ሌንስ አፍ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ዙሙ ሳይሳብ ነው፤ ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ተስቦ። ሻጭ የሚነግርዎ የመጀመሪያውን ነው፤ እርስዎ ሁለተኛውን ያንብቡ። በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ አርኤክስ100 ኤፍ 1.8-4.9 ይላል። በ2014 የወጣው የዚሁ ካሜራ ሦስተኛ ትውልድ፣ ማርክ 3፣ ግን 1.8-2.8 ነው። ሁለቱም «1.8» ተብለው ይሸጣሉ፤ ዙማቸው ተስቦ ሲያበቃ ግን አሮጌው የሚያስገባው ብርሃን የማርክ 3ን ሲሶ ነው። እርግጥ አሮጌው እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይስባል፣ ማርክ 3 ግን 70 ላይ ይቆማል። ዙም በነፃ አይገኝም፤ ሁልጊዜ በብርሃን ይከፈላል።

እዚህ ላይ ርቀቱ ይመጣል። ሌንስ በሚሊ ሜትር ሲነገር 24 ማለት ሰፊ ነው፤ ከሳሎን ጥግ ቆመው ሳሎኑን ያስገባሉ። 70 አካባቢ ለሰው ፊት ይስማማል። 200 ደግሞ ከአዳራሽ ጀርባ ተናጋሪውን ከደረቱ በላይ ለማውጣት ያገለግላል። ከዚያ በላይ የሚሄደው እንደ ካነን ኤስኤክስ740 ያለው፣ «40 እጥፍ» የተጻፈበት ነው፤ ከ24 እስከ 960 ሚሊ ሜትር ይስባል። ስታዲየም ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ወይም ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ለሚያነሳ ሰው ደስ ይላል። ነገር ግን ሴንሰሩ ያው ደቃቃው ነው፤ ዙሙ ሲያልቅ ሌንሱ ኤፍ 6.9 ላይ ይወርዳል፤ አዳራሽ ውስጥ ረዳት የለውም። «ዲጂታል ዙም» የሚባለውን ግን ከቁጥር አያስገቡት። ፎቶውን መሀሉን ቆርጦ ማስፋት ነው፤ ኮምፒውተር ላይ በኋላ ሊያደርጉት ይችላሉ። ካሜራው ሲገዛ ሜኑ ውስጥ ገብተው ቢያጠፉት ይሻላል።

አሁን ሥራዎን ይዘው ይምጡ። በመሥሪያ ቤት ኮሙኒኬሽን ክፍል የሚሠራ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በ2018 እና በ2019 የወጡት አርኤክስ100 ማርክ 6 እና ማርክ 7 ናቸው፤ ከ24 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይስባሉ፤ ሌንሳቸው ኤፍ 2.8-4.5 ነው። ሌላው ማርክ 3ን ይዞ ወደ መድረኩ መጠጋት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ዋጋው ያንሳል፣ ብርሃኑ ይበልጣል፣ ጥቂት እርምጃ ደግሞ አያስከፍልም። ሚኒስትር ፊት ተንበርክኮ ማንሳት የሚያስፈራው ባለሙያ ግን ማርክ 7ን ቢገዛ አልፈርድበትም። ቪዲዮ የሚሠራና ራሱን የሚቀርጽ ሰው በ2019 የወጣውን ካነን ጂ7ኤክስ ማርክ 3 ይመልከት። ከ24 እስከ 100 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8-2.8 ነው፤ ስክሪኑ ወደ ፊት ይገለበጣል፤ የማይክሮፎን መሰኪያ አለው። የድምፅ ነገር ሲነሳ፣ ያለ ማይክሮፎን የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ማንም አይሰማውም።

ጫማ፣ ልብስ ወይም ጌጣጌጥ በቴሌግራም የሚሸጡ ከሆነ አንድ ነገር ይያዙ፤ ዕቃውን ተጠግተው በሰፊው አያንሱት። በ24 ሚሊ ሜትር ከቅርብ የተነሳ ጫማ አፍንጫው ያብጣል፣ ተረከዙ ይሟሽሻል፤ ደንበኛው እጁ ሲገባ «ይሄ አይደለም ያየሁት» ይላል። ራቅ ብለው ዙሙን ወደ 70 ይሳቡት። ለዚህ ካሜራው ዙሙ ተስቦ ከስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ፎከስ እንደሚያደርግ መጠየቅ አለብዎት። አርኤክስ100 ማርክ 3 በሰፊው 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል፤ ዙሙ ሲሳብ ግን 30 ይፈልጋል። ለጫማ ይበቃል፤ ለጆሮ ጌጥ ግን ርቀት ይበዛበታል። ብርሃኑን ከመስኮት ይቀበሉ፤ በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት ያቁሙ፤ ፍላሹን ያጥፉ። ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ደግሞ 24 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚያሰፋ ሌንስ መኝታ ቤቱን አዳራሽ ያስመስለዋል፤ ገዢው መጥቶ ሲያይ የሚያጡት እምነቱን ነው።

ሳይት የሚውል መሐንዲስ፣ የእርሻ ልማት ሠራተኛ፣ የውኃ ቁፋሮ ባለሙያ ከላይ ያልኩትን የሴንሰር ነገር ይርሳው። ዙም ያለው ካሜራ ሌንሱ በገባ በወጣ ቁጥር አቧራ ይስባል፤ የሲሚንቶ ብናኝ ባለበት ቦታ ዕድሜው አጭር ነው። ለእነዚህ ሰዎች ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ወይም ተከታዩ ቲጂ-7 የተሠሩላቸው ናቸው። ሌንሱ ከአካሉ አይወጣም፤ እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ውኃ አይገባውም፤ ከ2 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። በማይክሮስኮፕ ሞድ 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ ስለሚጠጋ የግድግዳ ስንጥቅ ወይም ቅጠል ላይ ያለ ተባይ በጉልህ ያወጣል። ቲጂ-6 ጂፒኤስም ስላለው ፎቶው የተነሳበት ቦታ አብሮ ይመዘገባል፤ የክፍያ ሰርተፍኬት ላይ ክርክር የገጠመው ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

ወጣቶቹ የሚያወሯቸው ሪኮ ጂአር 3 እና ፉጂፊልም ኤክስ100 ግሩም ካሜራዎች ናቸው። ጂአር 3 ከነባትሪው 257 ግራም ይመዝናል፣ ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር አለው፣ የሸሚዝ ኪስ ይገባል። ግን ዙም የለውም፤ አብሮት የተሠራ ፍላሽም የለውም። የ2024ቱ ኤክስ100 ስድስተኛ ትውልድ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 1,600 ዶላር ነበር። መንገድ ላይ ለሚያነሳ፣ ፎቶን ለፎቶነቱ ለሚወድ ሰው እሰየው። ለመጀመሪያ የሥራ ካሜራ ግን አልመክርም፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ያስወደደውን ዕቃ በደመወዝ መከተል አይቻልም።

ሁለት ካሜራ በእኩል ዋጋ ቢያማርጡ፣ ብርሃን ማስተካከያው በቶሎ እጅ የሚገባውን ይውሰዱ። ይህች የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ናት፤ በጂ7ኤክስ ማርክ 3 ላይ ራሷን የቻለች ተሽከርካሪ ቁልፍ አላት፤ በብዙዎቹ ሌሎች ግን ሜኑ መግባት ወይም አንድ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ለምን አስፈለገች? ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። የጥምቀት ዕለት በቀትር ፀሐይ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ሲያነሱ ነጩ ይበዛበትና ካሜራው ፎቶውን ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊታቸው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጠይም ፊት ያለ ዝርዝር መቅረቱ የተነሺው ሰው ጥፋት አይደለም። ቁልፏን ወደ 0.7 ወይም ወደ 1 ይደምሯት፤ ፊት ይፈካል፣ ነጠላውም ወደ ነጭነቱ ይመለሳል፤ ጥለቱ እንዳይጠፋ ብቻ ስክሪኑን እያዩ ይሂዱ። ጥላው ዓይን ላይ ከወደቀ ደግሞ ቀንም ቢሆን ፍላሹን ያብሩ፤ ከሁለት ሜትር ላይ የዚያች ትንሽ ፍላሽ ትክክለኛ ሥራዋ ይህ ነው። ጥቁር ሱፍ ከጥቁር መጋረጃ ፊት ሲሆን በተቃራኒው ይቀንሷት።

የካሜራው ሰዓት የተናቀ ነገር ነው። የእኛን የዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ ካሜራ አላየሁም። መስከረም 1 ቀን 2017 ካሜራው ላይ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ነው። አንዱ ባልደረባ ሰዓቱን በእኛ 3 ሰዓት፣ ሌላው 9 ሰዓት ብሎ ከሞላ የሁለቱ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲቀላቀል መክፈቻው ከመዝጊያው በኋላ ይመጣል። ካሜራውን በፈረንጁ ቀንና በ24 ሰዓት ይሙሉት፤ ፎልደሩን በእኛ ቀን ይሰይሙት። ፎቶ በቴሌግራም ሲልኩም በፋይል መልክ ይላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከላኩት መጠኑ ይቀንሳል፤ ማተሚያ ቤቱ «ጥራት የለውም» ብሎ ሲመልስ ካሜራውን ይራገማሉ።

ሜሞሪ ካርድ ላይ አይሰስቱ። አስመስለው የተሠሩ ካርዶች ሞልተዋል፤ 128 ጊጋባይት ተጽፎባቸው የሚይዙት የዚያን ቅንጣቢ ነው፤ ከሞሉ በኋላ የገባው ፎቶ ሁሉ አይከፈትም። ካርዱን እንደገዙ በትልልቅ ቪዲዮ እስከ አፉ ሞልተው፣ መልሰው እየከፈቱ ይፈትሹት፤ ከዚያ ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉት። ባትሪም ሁለት ይሁን። በሲአይፒኤ አለካክ ጂአር 3 በአንድ ሙሌት 200፣ ጂ7ኤክስ ማርክ 3 235፣ አርኤክስ100 ማርክ 7 260 ፎቶ ያህል ነው የሚያነሱት። የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ከምሳ በፊት ይጨርሳቸዋል።

ከውጭ ዘመድ እንዲያመጣልዎ ካዘዙ የማርኩን ቁጥር ሳይረሱ በጽሑፍ ይላኩ። ሶኒ የአርኤክስ100ን ትውልዶች ጎን ለጎን ለዓመታት ሲሸጥ ስለኖረ «አርኤክስ100 ላክልኝ» ያለ ሰው የ2012ቱን ሊቀበል ይችላል። ዋጋው ረክሶ ካዩት ደግሞ ቋንቋውን ይጠይቁ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ሜኑ ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ አይቀየርም።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ከላይ ከጠራኋቸው ብዙዎቹ አሁን በዚያ መንገድ ነው የሚገኙት። ሱቁ ሲገቡ የራስዎን ባዶ ካርድ ይዘው ይግቡ። ካሜራውን ደጋግመው ያብሩና ያጥፉት፤ ሌንሱ ሳይንቀራፈፍና ሳያንቋርር መውጣትና መግባት አለበት፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ሌንስ ኤረር» የሚል ከመጣ ተዉት፤ ጥገናው የካሜራውን ዋጋ ይስተካከላል። የስልክዎን መብራት ሌንሱ ላይ ሰያፍ አድርገው ያብሩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ አይጠረግም። ከዚያ ቀዳዳውን ኤፍ 11 ላይ ወይም ካሜራው በሚፈቅደው ትልቁ ቁጥር ላይ አድርገው ነጭ ግድግዳ ያንሱ፤ ስክሪኑ ላይ አስፍተው ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ ሌንሱ ስለማይነቀል ያለ ባለሙያ አይጸዳም። ፍላሹን ያብሩ፣ የቻርጀሩን ገመድ ሰክተው ባትሪው መሙላቱን ያረጋግጡ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ። በመጨረሻ ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግ ዞረው ሻጩን እያወራ ያንሱትና ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይዩት። ብዙ ሱቅ የሸጠውን ስለማይመልስ ይህ ሁሉ ገንዘቡ ከኪስዎ ሳይወጣ መደረግ አለበት። እንዲሞክሩት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት አመስግነው ይውጡና ሌላ ሱቅ ይሂዱ።